አያት አካባቢ ስላለው የውጭ ትምህርት አማካሪ ቢሮ
በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ አያት ውስጥ የሚገኘው ይህ አነስተኛ ቢሮ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ስታመለክት የረዳን ሲሆን፣ በእኔ ግምት ትልቁ ጥንካሬው የገንዘብን ጉዳይ ከሁሉ አስቀድሞ በግልጽ ማንሳቱ ነው። አማካሪዋ እንዳስረዱን፣ አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ከውጭ አገር የሚያመለክት ተማሪ የገንዘብ ድጋፍ መጠየቁን በቅበላው ውሳኔ ላይ ከግምት ያስገባሉ፤ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት ግን የቤተሰቡን አቅም ሳያዩ ይወስናሉ፣ ለተቀበሉትም ተማሪ በስሌታቸው መሠረት የጎደለውን ይሸፍናሉ። እነዚህ ተቋማት ከሚያመለክትላቸው ውስጥ እጅግ ጥቂቱን ብቻ እንደሚቀበሉም አልሸሸጉንም፤ ይህን ሐቅ ለወላጅ ደፍሮ የሚናገር አማካሪ ሊመሰገን ይገባል።

የልጄን የማመልከቻ ድርሰት አልጻፉላትም፤ ደጋግመው እየጠየቁ ራሷ እንድታሻሽለው አደረጉ እንጂ።

ቅር ያሰኘኝ የገንዘብ ድጋፍ ቅጹን ስንሞላ ያገኘነው እገዛ ነው። የእኛ ገቢ ከሱቅ እንጂ ከደመወዝ ስላልሆነ በምን ማስረጃ እንደምናስረዳ ብንጠይቅም አጥጋቢ መልስ አላገኘንም፣ የቢሮው ክፍያ ደግሞ ቀላል አይደለም። በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል የሚሠራው ኤጁኬሽን ዩኤስኤ ነፃ ምክር ስለሚሰጥ፣ አቅሙ የሚያጥረው ቤተሰብ አስቀድሞ እዚያ ቢጠይቅ እመክራለሁ።