በስሪንጅና በነጭ ጋዝ ቮልሳችንን ያዳኑልን መካኒክ

ቮልስ ያላችሁ ሰዎች ይህን በደንብ አንብቡልኝ። ጎፋ አካባቢ ስላሉ አንድ መካኒክ ነው የምጽፈው። ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራቸው፤ ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ለምነውኛል።

የአባዬ ቮልስ በፈረንጆቹ የ1968 ሞዴል ናት፣ 1300። አምና ሞተሯን ሌላ ጋራዥ አሳደስናት። ፒስተንና ሲሊንደር አዲስ ገባ። ሁለቱን ቴስታዎችም (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚዘጉትን፣ ነዳጁ የሚቃጠልባቸው ክፍሎች ያሉባቸውን) ወደ ቶርኖ ቤት ልከው አስላጯቸው። "ጉልበት ይጨምርላታል" ተባልን። እውነትም አዲስ አበባ ውስጥ ጥሩ ሄደች። ከመተሐራ ስንመለስ ግን ዳገት ላይ ነዳጅ በሰጠኋት ቁጥር፣ ጠጠር በቆርቆሮ ውስጥ እንደሚናጥ ታንኳኳ ጀመር። መልሰን ወሰድናት። ኮምፕሬሽኗን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረውን የጭመቃ ግፊት) በጌጅ ለክተው "ምንም የላትም" አሉን።

ጋሼ ገና ሳይነኳት አንድ ነገር ጠየቁኝ። "ቴስታዎቹ ከተላጩ በኋላ የክፍሎቹ ይዘት ተለክቷል?" አልተለካም። ቴስታ ሲላጭ ክፍሉ ይጠብባል፤ ሞተሩም የበለጠ ይጨምቃል።

ጌጁ ለምን እንዳታለለን ያስረዱኝም እሳቸው ናቸው። ጌጅ የሚያሳየው ግፊት ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ ከልክ በላይ የሚጨምቅ ሞተር እዚህ ጤነኛ ይመስላል። መተሐራ፣ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ሲወርድ ጉዱ ይወጣል። ኮምፕሬሽን ሬሾ (ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመጣ ስንት እጥፍ እንደሚጨምቅ) ግን የይዘት ጉዳይ ነው፤ የትም ብትሄድ አይለወጥም። እሱን ለማወቅ ሞተሩ መፈታት አለበት።

ፈቱት። ቴስታዎቹን አንድ በአንድ ገልብጠው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና በውሃ ልክ አስተካከሉ። ቫልቮቹ እንደተዘጉ፣ ካንዴላው እንደታሰረ ነው። ዙሪያውን ግሪስ ቀብተው፣ ሁለት ቀዳዳ ያለው ወፍራም ብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ ለጠፉበት። ከዚያ በመርፌ ስሪንጅ ነጭ ጋዝ ጠብ ጠብ ያደርጋሉ፤ ስንት እንደገባ በደብተር ይጽፋሉ። አንዲት አረፋ ጥግ ላይ ቀረች። በጣታቸው መታ መታ አድርገው በሁለተኛው ቀዳዳ እስክትወጣ ጠበቁ። "ይቺ ራሷ ልኬት ታበላሻለች" አሉኝ። አራቱንም ክፍል ሁለት ሁለት ጊዜ ለኩ። 38፣ 39፣ 41፣ 39.5 ሲሲ ወጣ። አራት ክፍል፣ አራት ዓይነት! ዓይኔን ማመን አቃተኝ።

ቀጥለው ሲሊንደሩን አጥብቀው አሰሩና ፒስተኑ የላይኛው ጫፍ ላይ ሲደርስ ከሲሊንደሩ አፍ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል ለኩ። 0.7 ሚሊ። የሲሊንደሩ ስፋት 77 ሚሊ ስለሆነ ይህ 3 ሲሲ ያህል ነው። ከጠባቡ ክፍል ጋር 41 ሆነ። ፒስተኑ ወጥቶ ሲወርድ የሚያካልለው 321 ሲሲ ነው። 321 እና 41 ተደምሮ ለ41 ሲካፈል ሬሾው 8.8 ይመጣል። ፋብሪካው የሠራት በ7.3 ነው።

የክፍሎቹን ብረት በትዕግሥት እየፋቁ አራቱንም 43.5 ላይ እኩል አደረጓቸው። በሲሊንደሮቹ ሥር ስስ ቀለበት ጨምረው ክፍተቱን 1.5 ሚሊ አደረሱት። እንደገና ተለካ፤ 7.4። እዚያ ላይ ተዉት።

ባለፈው ወር ከአባዬ ጋር አዋሽ ደርሰን ተመለስን። ያው ዳገት ጋ ስንደርስ ሬዲዮውን አጠፋሁት። ነዳጅ ሰጠኋት። ምንም የለም፣ የራሷ የቮልስ ድምፅ ብቻ። አባዬ ዳሽቦርዱን በእጁ ዳበሰው።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

ርካሽ አይደሉም፣ አይቸኩሉምም። ልኬቱ ብቻ ሁለት ቀን ፈጅቷል። ግን እያንዳንዱን ቁጥር በእጃቸው ጽፈው ነው የሚሰጡት። ስልካቸውን ለፈለገ ሰው እንድሰጥ ፈቅደውልኛል፤ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ስትደውሉ የሲሊንደራችሁን ስፋት አውቃችሁ ደውሉ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።