«ዕድሜ ልክ የሚያገለግል» የሮው ማቀናበሪያ ሶፍትዌር ከመግዛታችሁ በፊት

አንድ ጊዜ ተከፍሎበት ዕድሜ ልክ የሚያገለግል፣ «ማንኛውንም የሮው ፋይል የሚከፍት» (ሮው ካሜራው ሳያቀናብር የሚያስቀምጠው ጥሬ የፎቶ ፋይል ነው) እየተባለ የሚሸጥ የቆየ የፎቶ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር ለመግዛት የምታስቡ ሁሉ፣ ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት ይህን እንድታነቡ አጥብቄ እለምናለሁ። ፈቃዱ ሕጋዊ፣ ፕሮግራሙም ትክክለኛ ሊሆን ይችላል። ጉዳቱ የሚመጣው ሻጩ ሳይናገር ከሚያልፈው ነገር ነው፤ ዕድሜ ልክ የሚሰጣችሁ ፕሮግራሙን እንጂ ወደፊት ለሚወጡ ካሜራዎች የሚያስፈልገውን ማሻሻያ አይደለም።

ሮው እንደ ጄፔግ አንድ ወጥ ፎርማት አይደለም። እያንዳንዱ የካሜራ አምራች ሴንሰሩ (ብርሃን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) የመዘገበውን መረጃ በራሱ መንገድ ያስቀምጣል፤ አብዛኞቹም ዝርዝር አሠራሩን ለሕዝብ አይገልጹም። ስለዚህ አዲስ ካሜራ በወጣ ቁጥር የሶፍትዌሩ ሠሪዎች ፋይሉን መርምረውና የሴንሰሩን የቀለም ባሕርይ ለክተው ድጋፍ መጨመር አለባቸው። ማሻሻያው ከቆመ ይህ ሥራም አብሮ ይቆማል።

ግልጹ ምሳሌ አዶቤ የተባለው ኩባንያ የሠራው የፎቶ ማቀናበሪያ ላይትሩም 6 ነው። በአንድ ጊዜ ክፍያ ከተሸጡት የላይትሩም ቅጂዎች የመጨረሻው ሲሆን፣ አዶቤ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ማሻሻሉን አቁሟል። ካኖን ደግሞ በ2018 ከኢኦኤስ ኤም50 ካሜራ ጋር ሲአር3 የተባለውን የሮው ፎርማት አወጣ። የቀድሞውን ሲአር2 ያለችግር የሚከፍተው ላይትሩም 6 ሲአር3ን አያነብም፤ የተለወጠው የፋይሉ የውስጥ አደረጃጀት በመሆኑ ቅጥያውን (በፋይሉ ስም ከነጥቡ በኋላ ያለውን) መቀየርም አይፈይድም።

ከዚህም የከፋው ግን ቅጥያው ሳይለወጥ ውስጡ ሲለወጥ ነው። የኒኮን ሮው ፋይሎች ከ1999 ጀምሮ ኤንኢኤፍ ይባላሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዜድ9 ካሜራ ግን «ሃይ ኤፊሸንሲ» የተባለ አዲስ የመጭመቂያ (የፋይሉን መጠን የመቀነሻ) ዘዴ ይዞ መጣ፤ ፋይሉም አሁንም ኤንኢኤፍ ነው። «ኤንኢኤፍ ይከፍታል» የሚል ሻጭ በቃሉ አልዋሸ ይሆናል፤ የእናንተን ፋይል ግን ሶፍትዌሩ ላይከፍተው ይችላል። ስለዚህ የፎርማቱን ስም ብቻ አትጠይቁ። የካሜራችሁን ትክክለኛ ሞዴልና የምትጠቀሙበትን የመጭመቂያ ምርጫ ይዛችሁ፣ ሠሪው ለዚያው የሶፍትዌር ቅጂ ባወጣው የካሜራዎች ዝርዝር ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ፤ ከተቻለም ከራሳችሁ ካሜራ የወጣ ፋይል በፊታችሁ ይከፈት። ሻጩ ይህን እንቢ ካለ ግዢውን ተዉት።

«ወደ ዲኤንጂ ቀይራችሁ ተጠቀሙ» የሚል መልስ ይሰጣችሁ ይሆናል። ምክሩ መሠረት አለው፤ ዲኤንጂ አዶቤ በ2004 ያወጣው ክፍት ፎርማት ነው፣ መቀየሪያውም ብዙ ጊዜ የቆየ ሶፍትዌር የሚያነበው ፋይል ይሰጣል። ነገር ግን ያ መቀየሪያ በነፃ የሚገኝ ነው፤ ሻጩ ለገባው ቃል ምትክ ሊሆን አይገባም። በየቀረጻው ላይ ተጨማሪ ጊዜና ማከማቻ ከመጠየቁም በላይ፣ እንደ ካኖንና ኒኮን ያሉ አምራቾች በነፃ የሚያቀርቧቸው ሶፍትዌሮች የተቀየረውን ዲኤንጂ አይቀበሉም። ዋናዎቹን የሮው ፋይሎች ፈጽሞ አታጥፉ።

ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ፣ «ማንኛውንም ይከፍታል» የሚለው ማስታወቂያ ሳይነሣ ምስሉን አስቀሩት፤ ሶፍትዌሩ ፋይላችሁን ለመክፈት ሲሞክር የሚያወጣውን የስህተት መልእክት አያይዛችሁም ገንዘባችሁ እንዲመለስ በጽሑፍ ጠይቁ። እስከዚያው ካሜራችሁን የሚደግፍ የአምራቹ ሶፍትዌር፣ ወይም እንደ ዳርክቴብልና ሮውቴራፒ ያለ ነፃ ፕሮግራም ሥራችሁ እንዳይቆም ሊረዳችሁ ይችላል፤ የእነዚህንም የካሜራ ዝርዝር በዚያው ጥንቃቄ ተመልከቱ።