«እርስዎስ ምን ፈልገው መጡ?» ላለችው ጠበቃ

ይህን ምስጋና ቀደም ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። የታናሽ ወንድሜ የፍርድ ቤት መዝገብ ሳይዘጋ አፌን መክፈት አልፈለግኩም። ባለፈው ሳምንት ተዘጋ፤ እንግዲህ ልናገር።

የማመሰግናት አንዲት የነጻ ሕግ ድጋፍ ጠበቃ ናት። ስሟን እንዳልጠራ አደራ ብላኛለች። «ስሜን ከጻፍሽው ነገ በሬ ላይ ሰልፍ ነው። እኔ ያለሁት አንድ ነኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት። እሷን የመሰለ ሰው የት እንደሚፈለግና በምን እንደሚለይ ግን እጽፋለሁ። ይህን አልከለከለችኝም።

ነገሩ የጀመረው ባንክ ቤት ነው። ታናሽ ወንድሜ የአእምሮ እድገት ውስንነት አለበት። ቤት ውስጥ ማሙሽ ነው የምንለው። 20 ዓመቱ ነው፣ ጺሙን ይላጫል፣ አሁንም ማሙሽ ነው። አባታችን ካረፈ በኋላ የውርስ ድርሻችን ታወቀ። እማዬ የማሙሽን ገንዘብ በስሙ ልታስቀምጥለት ይዛው ሄደች። መስኮቱ ላይ የነበረው ሠራተኛ ማሙሽን አየት አደረገውና ወደ እማዬ ዞረ። «ሞግዚቱ ነዎት? ወረቀት አለዎት?» የለኝም አለችው። «እንግዲያው ፍርድ ቤት ሄደው የሞግዚትነት ማስረጃ ያምጡ» ተባለች። ማሙሽ መታወቂያውን በእጁ እንደያዘ ተመለሰ። ያቺን መታወቂያ የጠየቀው ሰው የለም።

እኛም እንደተባልነው ለማድረግ ተነሣን። መጀመሪያ የጠየቅነው ጠበቃ የነገረን ክፍያ ከአቅማችን በላይ ነበር። ስለዚህ አቤቱታ ጸሐፊ ዘንድ ሄድን። ሰውየው ስለ ማሙሽ አንድም ነገር አልጠየቀንም። ከኮምፒውተሩ የተዘጋጀ ጽሁፍ አወጣ፣ ስም ቀየረ፣ አተመ። «ራሱንም ሆነ ንብረቱን ማስተዳደር፣ ማሰብም ሆነ መወሰን ፈጽሞ የማይችል» ይላል። ሳነበው ጎረበጠኝ። ግን ወረቀት ነው፣ ለባንክ ነው፣ ምን ይጎዳል ብዬ ዝም አልኩ። በዚህ ዝምታዬ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ያንን አቤቱታ ይዘን መዝገብ ከፍተን ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሁፍ አይኖርም ነበር። የአካል ጉዳተኛ ልጆች ያሏቸው ወላጆች ማኅበር ውስጥ የማውቃቸው አንዲት እናት አስቆሙኝ። «ከማስገባትሽ በፊት ነጻ የሕግ ድጋፍ ቢሮ አሳዪው፤ እኔ ሳላሳይ አስገብቼ ነው ዛሬ የምንከራተተው» አሉኝ። የልጃቸውን ሞግዚትነት ለማንሳት ዓመታት ፈጅቶባቸዋል።

ቢሮው ጠባብ ነው። ወረፋው ረጅም ነው። ተራችን ሲደርስ አቤቱታውን ለጠበቃዋ ሰጠኋት። የመጀመሪያውን አንቀጽ አነበበችና ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ወንበሯን ወደ ማሙሽ አዞረች። ሙሉ ስሙን ጠየቀችው። ነገራት። ስሙን ጠርታ «እርስዎስ ምን ፈልገው መጡ?» አለችው።

ማሙሽ ከኋላው ሌላ ሰው ቆሞ እንደሆነ ዞር ብሎ አየ። «እርስዎ» ያለው ሰው ኖሮ አያውቅም። እኛ «አንተ» እንላለን፣ ሐኪሙም «አንተ» ይለዋል፣ ብዙ ሰው ደግሞ ጨርሶ አያናግረውም፤ «እሱ ስንት ዓመቱ ነው?» ብሎ እኛን ይጠይቃል። እማዬ እንደ ልማዷ ልትመልስለት አፏን ከፈተች። ጠበቃዋ «ትንሽ ይታገሡኝ፣ እናቴ» አለቻት። ዝም ተባለ። እኔ በበኩሌ ዝምታው አስጨንቆኝ ነበር። ረዘም ካለ ጊዜ በኋላ ማሙሽ «ባንኩ መታወቂያዬን አላየውም» አለ።

ጻፈችው። በኋላ ለባንኩ በጻፈችው ደብዳቤ ላይ ዋናው ነጥብ ይኸው ሆነ።

ያን ቀን የነገረችንን ላካፍላችሁ፤ ብዙ ቤተሰብ እንደኛ ሳያውቅ ነው የሚገባበት። ሞግዚትነት የደግነት ወረቀት አይደለም። ሙሉ ሞግዚትነት ሲፈረድ፣ እንደየአገሩ ሕግ፣ ሰውየው ውል የመዋዋል፣ የማግባት፣ የመምረጥ፣ የት እንደሚኖር የመወሰን መብቱን ሊያጣ ይችላል። ወረቀቱ የሚጠየቀው ለአንድ የባንክ ደብተር ነው፤ የሚወስደው ግን ሙሉ ሰውየውን ነው። መግባቱ ይቀልላል፣ መውጣቱ መከራ ነው። ብሪትኒ ስፒርስን የሚያክል ዝነኛ ዘፋኝ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2008 የገባችበትን ሞግዚትነት ለማስነሳት እስከ 2021 ፈጅቶባታል። ገንዘብም ሆነ ደጋፊ ያጣች ሰው አይደለችም።

ሌላው ደግሞ፣ አካለ መጠን የደረሰ ሰው ፍርድ ቤት «አይችልም» እስካላለው ድረስ እንደሚችል ነው የሚገመተው። ስለዚህ ማሙሽ ባንክ ቤት የሄደ ቀን በሕግ ፊት እንደማንኛውም ባለጉዳይ ነበር። «ሞግዚት አምጡ» ያለው ሠራተኛው ነው እንጂ ሕግ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን አውጥታ አሳየችን። የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሆን አብዛኛው የዓለም አገር ተቀብሎታል። አንቀጽ 12 አካል ጉዳተኞች በሁሉም የሕይወት ዘርፍ ከሌላው ሰው እኩል የሕግ ችሎታ እንዳላቸው ይናገራል። ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ ንብረት የመውረስና የራስን ገንዘብ የማስተዳደር መብትን በስም ይጠቅሳል። እማዬ ያንን መስመር ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። «ለእሱ ብለው ነው እንዴ የጻፉት?» አለች።

እውነቱን ለመናገር እኔ ወዲያው አልተዋጠልኝም። «መብት መብት እያልሽ ነገ አንዱ አታሎ ቢወስድበትስ?» አልኳት። ሳቀች። አስፈራርታ ዝም አላሰኘችኝም፣ አላቃለለችኝምም። የሚችለውንና የማይችለውን ለዩልኝ አለች። መቶዎቹን ይቆጥራል። ሺዎቹ ሲመጡ ይደናገራል። የሚያምነውንና የማያምነውን ሰው በደንብ ያውቃል። ሲቸኩሉበት ግን ላሉት ሁሉ «እሺ» ይላል። ይህን ሁሉ ሲነግራት የነበረው ግማሹን ራሱ ነው። ከዚያ «በሚችለው ላይ ሞግዚት ለምን? በማይችለው ላይ ብቻ ድጋፍ እናድርግ» አለች። ድጋፍ ያለበት ውሳኔ የሚሉት ይህን ነው። ሰውየው ራሱ ይወስናል፤ የሚያምነው ሰው ያስረዳዋል፣ አብሮት ይቀመጣል፣ ጊዜ ይሰጠዋል። እንደ ፔሩና ኮሎምቢያ ያሉ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2018ና በ2019 ሕጋቸውን ወደዚህ መንገድ ቀይረዋል አለችን። ሁሉም አገር እዚያ አልደረሰም። ግን ሙሉ ሞግዚትነት ብቻ ነው ያለው ብሎ ለሚነግራችሁ፣ ውክልናስ፣ የጋራ ፊርማስ፣ ለአንድ ጉዳይ ብቻ የተወሰነ ሞግዚትነትስ ብላችሁ ጠይቁት።

የባንኩ ነገር በአንድ ገጽ ደብዳቤ አለቀ። ፍርድ ቤት እንኳ አልደረሰም። ሥራ አስኪያጁ አነበቡት፣ ይቅርታ ጠየቁ፣ ሂሳቡ በማሙሽ ስም ተከፈተ። ትንሽ ገንዘብ ብቻውን ያወጣል። ከተወሰነ መጠን በላይ ሲሆን የእሱም የእማዬም ፊርማ ይፈለጋል። ይህን የመረጠው ራሱ ነው።

ፍርድ ቤት ያስኬደን የአባታችን ቤት ነው። በጋራ የወረስነው ቤት ይሸጥ ተባለ። ውሉ ውስብስብ ነው፤ ማሙሽ ሊገባው አልቻለም፣ እኔም ግማሹ አልገባኝም። እዚህ ላይ ጠበቃዋ ራሷ የተወሰነ ሞግዚትነት ይሻላል አለች። ለሽያጩ ብቻ፣ ሽያጩ ሲያልቅ የሚያበቃ፣ ለፍርድ ቤቱ ሂሳብ የሚቀርብበት። እኔ እሆናለሁ አልኩ። «አንቺ አትሆኚም» አለችኝ። «አንቺም ወራሽ ነሽ። ዋጋ ሲወርድ ሲወጣ፣ ድርሻ ሲከፈል ያንቺና የሱ ጥቅም ሊጋጭ ይችላል። እናታችሁም እንደዚያው።» ተናደድኩ። ወንድሜን ልሰርቀው ነው እንዴ ብዬ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ጠዋት ሳስበው ልክ ናት። ሰው ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ማንም ወደዚያ ፈተና መግባት ስለሌለበት ነው። ውርሱ ውስጥ የሌለው አጎታችን ሆነ። የእማዬ ወንድም ነው፤ ማሙሽም ይወደዋል።

ጠበቃዋ «አንቺ አትሆኚም» ያለችኝ ደንበኛዋ እኔ ስላልሆንኩ ነው። በመጀመሪያው ቀን ግልጽ አድርጋው ነበር፤ እኔ ነኝ ያላስተዋልኩት። «የምወክለው እሱን ነው። እናንተና እሱ ካልተስማማችሁ የምቆመው ከእሱ ጋር ነው» ብላ ነበር። ነጻ ጠበቃ ስትፈልጉ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህን ይሁን፦ ደንበኛዎ ማን ነው? ቤተሰቡ ነው ካሏችሁ ለአካል ጉዳተኛው ሌላ ጠበቃ ያስፈልገዋል። ጥያቄው ካናደደው ደግሞ ሌላ ሰው ፈልጉ።

የት ይፈለጋል? እንደየአገሩ ይለያያል። ግን ከአካል ጉዳተኞች ወይም ከወላጆች ማኅበር ብትጀምሩ ይሻላል፤ ማን በእውነት እንደሚሠራ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ብዙ የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ክሊኒክ፣ ማለትም የምክርና የጥብቅና አገልግሎት፣ አላቸው። ተማሪዎቹ በመምህራን ክትትል ይሠራሉ። ተማሪ ነው ብላችሁ አትናቁት፣ የኛን ፋይል ያዘጋጀችው ተማሪ ነበረች፤ ከኔ በላይ ታውቀው ነበር። ክፉ ጎኑ ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ ክሊኒኩም ሊዘጋ መቻሉ ነው። የጠበቆች ማኅበራትም አባሎቻቸውን ለነጻ አገልግሎት ይመድባሉ። አንዳንድ ፍርድ ቤት ግቢው ውስጥ የምክር ጠረጴዛ አለው። ሴት ጠበቆች ያቋቋሟቸው ማኅበራትም በብዙ አገር አሉ።

ነጻ ሲባል ጥብቅናው ነጻ ነው። የሕክምና ማስረጃውን እኛ ከፈልን፣ ፎቶ ኮፒውም ብዙ ነበር። የዳኝነት ክፍያውን ግን በደሃ ደንብ፣ ማለትም መክፈል ለማይችል ሰው በሚፈቀደው መንገድ፣ እንዲቀርልን አመለከተችልንና ተፈቀደ። እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር። በነጻ አገልግሎት ስም «ለጉዳይ ማስፈጸሚያ» ብሎ እጁን የሚዘረጋ ካለ ቢሮው ኃላፊ ዘንድ ግቡ።

ይዛችሁ ስትሄዱ መታወቂያ፣ የልደት ማስረጃ፣ የውርስ ጉዳይ ካለ ውሳኔው ይኑራችሁ። ሐኪሙ የሕመሙን ስም ብቻ ጽፎ እንዳይሰጣችሁ። ምን ይችላል፣ በምን ላይ ድጋፍ ይፈልጋል የሚለውን እንዲጽፍ ለምኑት፤ ዳኛው የሚፈልገው እሱን ነው። ባንክም ሆነ መሥሪያ ቤት ሲመልሳችሁ በጽሁፍ ስጡኝ በሉ። እኛ አላልንም። እምቢ ካሉ ቀኑንና ያነጋገራችሁን ሰው የሥራ ድርሻ መዝግቡ።

ቢሮው እንከን የለበትም አልልም። ስልክ አይነሣም። ቀጠሯችን ሁለት ጊዜ ተላልፏል፣ አንዱን የሰማነው በር ላይ ከደረስን በኋላ ነው። አንዲት ጠበቃ ያን ሁሉ መዝገብ ይዛ ምን ታድርግ? ብቻ ቶሎ ሂዱ፤ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ሄዶ ተአምር መጠበቅ አይሆንም።

ችሎቱን ሳልናገር አላልፍም። ጠበቃዋ አስቀድማ ለዳኛው አመልክታ ነበር። ጥያቄው በአጭር ዓረፍተ ነገር እንዲሆን፣ አንድ በአንድ እንዲጠየቅ፣ ሲደክመው እረፍት እንዲሰጠው ጠየቀች። ፍርድ ቤት ሁሉ ይህን ማድረግ እንዳለበት የዚያው ስምምነት አንቀጽ 13 ነው የሚለው። ዳኛው ፈቀዱ። «አጎትህ ቤቱን እንዲሸጥልህ ትፈልጋለህ?» ብለው ጠየቁት። ማሙሽ ጠበቃዋን አየ። እሷ ምንም አላለችም። «አዎ። ግን ሲሸጥ ይንገረኝ» አለ። ዳኛው ይህንኑ በትእዛዙ ውስጥ አስጻፉት፦ ሞግዚቱ ከመፈረሙ በፊት ለባለመብቱ በሚገባው ቋንቋ ያስረዳል። አጎቴም አስረዳው። ሁለት ሰዓት ፈጀ፣ አንድ ደብተር ሙሉ ሥዕል ሳለ።

ቤቱ ተሸጠ፣ ሂሳቡ ቀረበ፣ ሞግዚትነቱ አበቃ፣ መዝገቡ ተዘጋ።

ጠበቃዬ፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። ለምኜሽ የነበረውን ወረቀት ስለከለከልሽኝ አመሰግንሻለሁ። ያቺን ተማሪሽንም አመስግኝልኝ።

ይህን ሁሉ ከመለጠፌ በፊት ለማሙሽ አንብቤለታለሁ። እውነተኛ ስሜ አይጻፍ አለ። ማሙሽ ብዬ ልጻፍ ወይ ብዬ ስጠይቀው ትንሽ አሰበና ፈቀደ፤ እዚህ ላይ ብቻ። ቤት ውስጥ ከችሎቱ ቀን ጀምሮ በሙሉ ስሙ ካልጠራነው አይዞርም። እማዬ አሁንም ያመልጣታል። «ማሙ...» ትልና ትቆማለች፤ እሱ ፊቱን ሳያዞር እስክታርም ይጠብቃል።