ከሐረር እስከ አቤ ሐይቅ፦ ለካሜራ የተሰናዳ ጉዞ ሲመዘን

የአፍሪካ ቀንድ በፎቶግራፍ አንሺዎች ዘንድ የሚገባውን ቦታ አላገኘም። ካሜራ አንግቶ ወደዚህ የሚመጣው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ላሊበላን ወይም የኦሞን ሸለቆ አይቶ ይመለሳል እንጂ ከድሬዳዋ ተነሥቶ ወደ ሐረር፣ በቶጎ ውጫሌ በኩል ወደ ሐርጌሳ፣ ከዚያም ወደ ጅቡቲ የሚያደርሰውን መስመር እንደ አንድ ጉዞ አያስበውም። በአዲስ አበባ የሚገኝ አንድ አነስተኛ አስጎብኚ ድርጅት ይህንኑ መስመር «ለፎቶ አንሺዎች የተሰናዳ» ብሎ ይሸጣል፤ እኔም የገዛሁት በዚህ ስም ስለሆነ የምመዝነው በአልጋውና በቁርሱ አይደለም። ጎህ ሲቀድና ጀምበር ስታዘቀዝቅ መርሐ ግብሩ ተጓዡን የት ያደርሰዋል? ሌላው ሁሉ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ነው።

ድሬዳዋ ላይ የተመደበው ጊዜ ከምሳ የሚተርፍ አልነበረም። የምድር ባቡሩ ሐዲድ በ1902 እ.ኤ.አ. የደረሰባት ከተማ ናት፤ አሮጌውን ጣቢያና የጥገና ግቢውን ለማንሳት ግን አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል፣ ድርጅቱም አልጠየቀም። በአጥር ላይ አንገታችንን አስግገን አለፍን።

ሐረር ግን የሚያስመሰግናቸው ክፍል ነው። ማረፊያው ከጀጎል ግንብ ውስጥ፣ በነባር የሐረሪ ቤት ስለሆነ ከመኝታ ተነሥቶ በር ከከፈቱ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። መተላለፊያዎቹ ጠባብ በመሆናቸው የማለዳዋ ፀሐይ አንደኛውን ግድግዳ ብቻ ትመታለች፤ ከእርሱ የሚመለሰው አረንጓዴ ወይም ሮዝ ብርሃን ፊት ለፊት ባለው ግድግዳና በመካከሉ በሚያልፈው ሰው ፊት ላይ ያርፋል። መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ የልብስ ሰፊዎቹ የስፌት መኪናዎች በሁለቱም ወገን ተደርድረው ሲሠሩ ማንሳት የሚቻለው ግን አስጎብኚው የከተማዋ ልጅ ስለነበረ ነው። ካሜራው ከቦርሳ ሳይወጣ በፊት በሐረሪ ቋንቋ ሰላምታ ያቀርባል፣ ይጠይቃል፣ እምቢ ያለውን ሰው አመስግኖ ያልፋል። ማታ ጅቦቹ በሚመገቡበት ቦታ ደግሞ የሁሉም ተሽከርካሪዎች መብራት ከፊት ሲበራ ሥዕሉ ጠፍጣፋ እንደሚሆን ስለሚያውቅ፣ የእኛን ሾፌር መብራት እንዲያጠፋ አድርጎ አንድ የእጅ ባትሪ ከጎን አበራ። የጅቡ የአንገት ፀጉር አንድ በአንድ ተለይቶ የታየው በዚያች ባትሪ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር በማስታወቂያ ላይ አይጽፉትም፤ ቢጽፉት ግን ብዙ ደንበኛ ያገኙበታል።

በወረቀት ጉዳይ ድርጅቱ አይታማም። የሶማሊላንድ ቪዛ ገና አዲስ አበባ ሳለን አልቋል፤ የካሜራዎቹና የሌንሶቹ መለያ ቁጥር የሰፈረበት ማኅተም ያረፈበት ዝርዝርም ተሰጥቶን ስለነበር ኬላው ላይ ብዙ ሳንጉላላ አለፍን። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ማለትም ቢጫ ካርድ፣ ያለው ተጓዥ ወደ ኢትዮጵያ ለመመለስ ቪዛ አያሻውም፤ የውጭ ፓስፖርት ብቻ የያዘ ሰው ግን ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ ቪዛ መያዙን ራሱ ማረጋገጥ አለበት፣ ምክንያቱም የጉዞው መጨረሻ ተመልሶ አዲስ አበባ ነው። ድሮን እንዲቀር አስቀድመው መናገራቸውም ትክክል ነው፤ ኢትዮጵያ ያለ ፈቃድ የገባውን ትይዛለች፣ በየአቅጣጫው የውጭ ጦር ሰፈር ባለባት ጅቡቲም ወደቡንና የጦር ሰፈሮቹን በእጅ ስልክ ማንሳት እንኳ ጣጣ ያመጣል።

ከሐርጌሳ ወጣ ብሎ ለሚገኘው የጥንት የዓለት ሥዕሎች ሥፍራ፣ ለላስ ጌል፣ የተያዘለት ሰዓት እኩለ ቀን መሆኑን ሳይ ተናድጄ ነበር። ይሁን እንጂ ቦታው ሲታይ ሰዓቱ የሚስማማው ሆኖ ተገኘ። አንገታቸው በጌጥ የተሸፈነ ላሞች በቀይና በነጭ ቀለም የተሣሉት በዓለት ጥላ ሥር ስለሆነ፣ ፀሐይ ከላይ ስትሆን ከውጭው ድንጋይ የሚመለሰው ለስላሳ ብርሃን ሥዕሎቹን ያለ ፍላሽ እኩል ያበራቸዋል። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በ2002 እ.ኤ.አ. ለዓለም ያስተዋወቋቸው እነዚህ ሥዕሎች በሺዎች የሚቆጠር ዕድሜ ያላቸው ሲሆኑ፣ የሚጠብቃቸው አንድ ዘብና ተራ አጥር ብቻ መሆኑ ያስገርማል። በከተማዋ ውስጥ ደግሞ የገንዘብ መንዛሪዎቹ የሽልንግ ክምር በመንገድ ዳር እንደ ጡብ ተደርድሮ ይታያል። ለከብት ገበያው አንድ ማለዳ ቢጨመር ጥሩ ነበር። ከሐርጌሳ ውጭ ለሚመደበው የታጠቀ ጠባቂ የሚከፈለው ገንዘብ በዋጋው ውስጥ አለመካተቱ ደግሞ ቀድሞ ሊነገረን የሚገባ ነበር።

የዚህ መርሐ ግብር ትልቁ ጉድለት ጅቡቲ ውስጥ፣ አሳል ሐይቅ ላይ ነው። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኘው ይህ ሐይቅ የአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ ነው፤ ነጭ ጨው፣ ሰማያዊ ውኃና ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተጎራብተው የሚገኙበት በመሆኑም ለፎቶ አንሺ ከዚህ የበለጠ ነገር ማግኘት ያስቸግራል። ድርጅቱ ግን ከጅቡቲ ከተማ ቁርስ በልቶ ወጥቶ ለእራት የሚመለስ የአንድ ቀን ሽርሽር አድርጎታል። በዚያ ላይ መንገዱ ወደ ኢትዮጵያ ጭነት በሚያመላልሱ የእኛው ከባድ መኪናዎች የተጨናነቀ ስለሆነ፣ ሐይቁ ዳር የደረስነው ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ ነው። በዚያ ሰዓት ጥላ የለም፤ የጨው ቅርፊቱ ስንጥቅና እብጠት ሁሉ ጠፍቶ ሥፍራው አንድ ወጥ ነጭ ይሆናል። የካሜራውም የብርሃን ልኬት በነጩ ተታልሎ ጨውን ግራጫ ስለሚያደርገው የሥዕሉን ብርሃን ካሜራው ላይ በእጅ ከፍ ማድረግ ግድ ነው። ከከተማው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ቢነሱ ይህ ሁሉ ይቀር ነበር። ለምን እንዳልተደረገ ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ ሾፌሩ በሌሊት መንዳት አይወድም የሚል ነው፤ «ለፎቶ አንሺዎች የተሰናዳ» ለተባለ ጉዞ ይህ ምክንያት አይሆንም።

በጅቡቲና በኢትዮጵያ ድንበር ላይ ያለው አቤ ሐይቅ ግን ቅሬታዬን አስረስቶኛል ማለት ይቻላል። ከጉዞው ሁሉ ሁለቱንም ብርሃን፣ የማታውንም የማለዳውንም፣ ሙሉ በሙሉ የሰጠን እርሱ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም የምናድረው እዚያው ከኖራ ድንጋይ ማማዎቹ አጠገብ፣ በአፋሮች የሰሌን ጎጆ ውስጥ ነው። አንዳንዶቹ እስከ 50 ሜትር ከፍታ ያላቸው እነዚህ ማማዎች የተሠሩት ሐይቁ ከዛሬው በብዙ ከፍ ብሎ ሳለ ከሥሩ በሚፈልቅ ፍል ውኃ ነው። ከጊንጪ አካባቢ የሚነሣው አዋሽ ባሕር ሳይነካ የሚያልቀው በዚህ ነው፤ ከጅቡቲ በኩል ለቆመ ሰውም ጀምበር የምትጠልቀው በኢትዮጵያ ምድር ላይ ነውና ማማዎቹ ምሽት ላይ በቀይ ሰማይ ፊት ጥቁር ሆነው ይቆማሉ። ማለዳ ላይ ፊትን ወደ ምሥራቅ መልሶ መቆም ነው፦ አየሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ከመሬት ስንጥቅ የሚወጣው እንፋሎት ከኋላው በምትመጣው ፀሐይ ይበራል፣ የፍየል መንጋም በመካከሉ ያልፋል። እረኛዋን ለማንሳት እዚህም ፈቃድ ይጠየቃል፤ የጅቡቲው አስጎብኚ በአፋርኛ ጠይቆ የተስማማበትን ገንዘብ በፊታችን ከፈላት፣ አሠራሩም ግልጽ ነበር።

የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር በ177.721 የታሰረ በመሆኑ ብር ለሚመነዝር ተጓዥ የመንገዱ ውድ ክፍል ጅቡቲ ነው፤ ስለሆነም ከመፈረም በፊት የአሳል መነሻ ሰዓት ወደ ሌሊት እንዲቀየርና የጠባቂው ክፍያ በዋጋው እንዲካተት በጽሑፍ መጠየቅ ተገቢ ነው። ይህን ከተቀበሉ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ የሚነሣውን ጉዞ ያለ ማመንታት እመክራለሁ። በሐምሌ የሚነሣውን ግን በግማሽ ዋጋ ቢሰጧችሁም አትግዙት፤ በጅቡቲ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፣ በነፋስ የሚነሣው አሸዋም ሌንስ ለመቀየር ፋታ አይሰጥም።