ፎርማት ሳያደርግ ችግሩን ያገኘልኝ የሐዋሳ ጥገና ቤት

ቤቴ ሆኜ የነጋዴዎችን ሒሳብ እሠራለሁ። መሥሪያዬ አንድ ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው፤ ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራምና ኤክሴል ከሠራልኝ ሌላ አልጠይቀውም። ሰኔ ላይ ግን ስታክ ማድረግ ጀመረ። ደረሰኝ እያስገባሁ፣ እጄ ኪቦርዱ ላይ እያለ፣ ድርቅ ይላል። አንዳንዴ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይመለሳል፤ አንዳንዴ ማብሪያ ማጥፊያውን ተጭኜ ካላጠፋሁት አይነቃም። አንድ ቀን ሦስቴ ይቆማል፣ ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ ደህና ይውላል። ሐምሌ፣ የግብር ወቅቱ ደግሞ ደርሷል።

መጀመሪያ የወሰድኩበት ቤት ሳይከፍተው «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረግ» አለኝ። 500 ብር ከፈልኩ። ፒችትሪን እንደገና ማስጫንና የደንበኞቼን ፋይል መመለስ አንድ ቀን ተኩል ወሰደብኝ። በሦስተኛው ቀን ያው ስታክ። ሌላ ቤት ደግሞ ሃርድ ዲስኩ አልቆለታል፣ አዲስ ግዢ አለኝ። በምን አወቅህ ብለው የሚያሳየኝ ነገር አልነበረውም።

ይህን የምጽፈው ስለ ሦስተኛው ቤት ነው። ፒያሳ፣ ከቅዱስ ገብርኤል ብዙ ሳይርቅ፣ ከልብስ ስፌት ቤቱ በላይ ነው። በሩ ላይ «የኮምፒውተር ጥገና» ከሚል ወረቀት በቀር ምልክት የለውም። የባጃጁ ልጅ ሲፒዩውን ባይሸከምልኝ ደረጃውን አልወጣውም ነበር።

ጠጋኙ ልጅ ብሎን ከመፍታቱ በፊት ወንበር ሰጠኝና «እህቴ፣ ሲቆም ማውዙ ይንቀሳቀሳል ወይስ እሱም ይቆማል?» አለኝ። ይንቀሳቀሳል አልኩት። «ፊት ለፊት ያለችው የዲስክ መብራትስ?» ብልጭ ድርግም ማለቷን ትታ በርታ ትቀራለች። እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ማውዙም ድምፁም አንድ ላይ ቀጥ ካለ ራሙን (የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማስታወሻ)፣ ሙቀቱን ወይም ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ፓወር ሰፕላይ ቀድሞ እንደሚጠረጥር፣ ማውዙ እየሄደ ምንም አልከፍት ካለ ግን ዊንዶውስ ከዲስኩ መልስ እየጠበቀ ሊሆን እንደሚችል አስረዳኝ።

የሒሳብ ሰው ነኝና የቆመበትን ቀንና ሰዓት ደብተር ላይ እመዘግብ ነበር። እኔ «ማክሰኞ ጠዋት 4፡20» ስል እሱ ስድስት ሰዓት ጨምሮ ኢቨንት ቪውር በሚባለው የዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ 10፡20 ላይ ይፈልጋል። ፎርማቱ የቀደመውን መዝገብ ስላጠፋው ማመሳከር የቻልነው ከዚያ ወዲህ የመዘገብኳቸውን ዘጠኙን ብቻ ነው። ሰባቱ ላይ 129 የሚል ማስጠንቀቂያ ተገኘ፦ ዲስኩ በጊዜው መልስ ስላልሰጠ ግንኙነቱ እንደገና ተጀመረ ማለት ነው። የቀሩት ሁለቱ በግድ ያጠፋሁባቸው ነበሩ። እነሱ ላይ ያለው 41 የሚለው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ኮምፒውተሩ በአግባቡ እንዳልጠፋ እንጂ ለምን እንደሆነ አይናገርም።

ቀጥሎ ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባለውን የዲስክ ጤና የሚያሳይ ፕሮግራም ከፈተና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። 05 እና ሲ5 የሚባሉት፣ የዲስኩን የተበላሹ ቦታዎች የሚቆጥሩት፣ ሁለቱም ዜሮ ናቸው። ሲ7 ግን 1,347 ይላል። ይኼኛው የሚቆጥረው በዲስኩና በማዘርቦርዱ መካከል መረጃ ሲተላለፍ የተፈጠረውን ስሕተት ነው። «ዲስክሽ ደህና ይመስላል፤ መንገዱን እንየው» አለ።

ሲከፍተው እኔም አጎንብሼ አየሁ። ዲስኩን ከማዘርቦርዱ የሚያገናኘው ቀዩ የሳታ ገመድ ከጎን ክዳኑ ጋር ተጣብቆ እጥፍ ብሏል፤ ጫፉ ላይ መቆለፊያ ብረት ስለሌለው በጣት ነካ ሲያደርጉት ይወዛወዛል። ወዲያው ቀይሮ ቢሰጠኝ ደስ ብሎኝ እሄድ ነበር። እሱ ግን ፈቃዴን ጠይቆ የደንበኞቼን ፋይል እኔው ባመጣሁት ዲስክ ላይ ባክአፕ አደረገ፤ የሰው ሒሳብ ስለሆነ ይህን ማድረጉ ለእኔ ከጥገናው አይተናነስም። ሌሊቱን ራሙን በሜምቴስት ሲያስፈትሽ አደረ፤ አንድም ስሕተት የለም። የፓወር ሰፕላዩን 12 ቮልት በመልቲሜትር ለካ፤ 12.1 አለ፣ የሚፈቀደው ከ11.4 እስከ 12.6 ነው። ከዚያ ገመዱን ብቻ ቀየረ። ሌላም ነገር አብሮ ቢቀይር የትኛው እንደፈወሰው ማወቅ አንችልም ነበር።

ሲ7 ወደ ኋላ አይመለስም፤ ገመዱ ቢቀየርም ያለፈው ቁጥር እዚያው ይቀራል። ስለዚህ 1,347ን ነጭ ፕላስተር ላይ ጽፎ ክዳኑ ላይ ለጠፈልኝና ከዚህ ከበለጠ ሳልከፍል እንድመልሰው ነገረኝ።

ለምርመራው 400፣ ለገመዱ 250 ብር ከፈልኩ፤ ደረሰኝም ሳልጠይቅ ቆረጠልኝ። ቅር ያለኝ ስልክ አለማንሳቱ ነው። «ነገ ከሰዓት» ብሎኝ ሄጄ በሩን ዝግ አገኘሁት፤ ያገኘሁት በማግስቱ ነው። ሥራ ለተደራረበበት ሰው ቀላል አይደለም። ጠረጴዛው አንድ ስለሆነ ወረፋም አለ።

ኮምፒውተሩ ቤት ከገባ 18 ቀን ሆነው። እስካሁን አንዴም ሳይቆም አብሮኝ ሠርቷል። ዛሬ ጠዋት ሥራ ከመጀመሬ በፊት ከፍቼ አየሁት፤ 1,347።