የቢች ቦይስ የ50ኛ ዓመት ጉዞ፦ በአዳራሹ የሰማሁትና በሲዲው የቀረው

የቢች ቦይስን የ50ኛ ዓመት የኮንሰርት አልበም ልትገዙ ካሰባችሁ ሐሳቤን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ ግዙት፣ ግን ከሁለተኛው ሲዲ ጀምሩ። አልበሙ የወጣው በ2013 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሁለት ሲዲ 41 ዘፈኖች ይዟል። ሁሉም ባንዱ ከአንድ ዓመት በፊት ባደረገው የዓለም ዙሪያ ጉዞ ላይ የተቀረጹ ናቸው። የጉዞው የመጨረሻ ምሽት ሴፕቴምበር 28 ቀን 2012 ለንደን፣ ዌምብሌይ አሬና ውስጥ ነበር፤ እኔም ከታዳሚዎቹ አንዱ ነበርኩ። ሲዲውን በከፈትኩ ቁጥር የማመሳክረው ከዚያ ምሽት ጋር ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ይህን የምጽፈውም ልዩነታቸው ስለሚቆረቁረኝ ነው።

ለማያውቋቸው ባጭሩ። በ1961 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሆቶርን በምትባል ከተማ፣ ብራያን፣ ዴኒስና ካርል ዊልሰን የተባሉ ሦስት ወንድማማቾች ከአክስታቸው ልጅ ከማይክ ላቭና ከጓደኛቸው ከአል ጃርዲን ጋር ሆነው ባንዱን አቋቋሙ። የሚዘፍኑት ስለ ባሕር፣ ስለ መኪና፣ ስለ ፀሐይና በጣውላ ላይ ቆሞ በሞገድ ስለ መንሸራተት (ሰርፍ ስለሚሉት) ነበር፤ ከአምስቱ በእርግጥ ሞገድ ላይ ይወጣ የነበረው ግን ዴኒስ ብቻ ነው። ብራያን በ1964 መጨረሻ አውሮፕላን ውስጥ ጭንቀት ካጠቃው በኋላ ከመድረክ ራቀና ስቱዲዮ ገባ። በ1965 ብሩስ ጆንስተን ተቀላቀላቸው። ዴኒስ በ1983 ባሕር ውስጥ ሰጥሞ ሞተ፤ ካርልን በ1998 ካንሰር ወሰደው። ከዚያ ወዲያ የቀሩት ተለያዩ። ማይክና ብሩስ የባንዱን ስም ይዘው ሲዞሩ፣ ብራያንና አል በየራሳቸው መንገድ ሄዱ። በመካከሉም ክስና የፍርድ ቤት ምልልስ ነበር።

እንግዲህ በ2012 ብራያን፣ ማይክ፣ አል፣ ብሩስ፣ እንዲሁም በ1962 እና በ1963 ገና ልጅ ሳለ ጊታር ይጫወትላቸው የነበረው ዴቪድ ማርክስ በአንድ መድረክ ላይ መቆማቸው ለእኛ ለአፍቃሪዎቻቸው ቀላል ነገር አልነበረም። ጉዞው በኤፕሪል ወር አሪዞና ውስጥ ቱሳን ላይ ተጀመረ። ጃፓንን፣ አውስትራሊያንና አውሮፓን አዳርሶ፣ ከ70 በላይ ኮንሰርቶች ቀርበውበት ለንደን ላይ አበቃ። ጁን ላይ ያወጡት አዲስ አልበምም በአሜሪካ የቢልቦርድ ሰንጠረዥ 3ኛ ደረጃ ደረሰ።

እኔ ይህን ባንድ የምሰማው በመዘምር ጆሮ ነው። አዲስ አበባ፣ መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን፣ መዘምራን ውስጥ ቴነር ሆኜ ነው ያደግሁት። መሪያችን ሶፕራኖውን፣ አልቶውን፣ ቴነሩንና ባሱን ለየብቻ ያስጠናን ነበር፤ የየክፍላችን ዜማ ለብቻው ሲሰማ አንዳንዴ ምንም ውበት አልነበረውም። አራቱ የተገናኙ ዕለት ግን ከማናችንም አፍ ያልወጣ የሚመስል ድምፅ ከጣሪያው ሥር ይሞላል። የሀገራችን ዘፈን በአብዛኛው አንድ ዜማ ይዞ ነው የሚሄደው፤ ድምፃዊው ጥበቡን የሚያሳየው ያንን አንድ ዜማ በማንቆርቆርና በማስጌጥ ነው። ታላቅ ወንድሜ ያስቀዳውን የቢች ቦይስ ካሴት ቤት ውስጥ ስሰማ፣ የመዘምራኑን ነገር በዘፈን ውስጥ አገኘሁት። ማይክ ከታች ባሱን ይዟል፤ ካርል፣ ዴኒስና አል መካከሉን ሞልተውታል፤ ብራያን ከላይ በቀጭን ድምፅ ይሄዳል። ወንድማማቾችና የአክስት ልጅ በመሆናቸው አናባቢውን ሲያሰሙ አፋቸውን የሚከፍቱበት መንገድ እንኳ ይመሳሰላል። ይህ በልምምድ ብቻ አይገኝም፤ አንድ ማዕድ ላይ ማደግን ይጠይቃል።

ስለዚህ ዌምብሌይ ስገባ ይዤው የገባሁት ጥያቄ አንድ ነበር፤ ከዴቪድ በቀር ሁሉም 70 ዓመት ሞልቷቸዋል፣ ሁለቱ ወንድማማቾች የሉም፣ ታዲያ ይህ ኅብረ ዝማሬ አሁንም ይቆማል ወይ?

ቆመ። መጀመሪያ ያመሰገንኩት አል ጃርዲንን ነው። አል በባንዱ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ በመጨረሻ የሚጠቀስ ሰው ነው፤ በዚያ ምሽት ግን ድምፁን እንደ እሱ የጠበቀ ማንም አልነበረም። ገና ወር ያልሞላው የ70 ዓመት ሰው፣ ጉሮሮው ሳይሻክር፣ ከፍ ያለውን ኖታ ሳይሸሽ ፊት ለፊት ይገጥመዋል። ማይክ ለቀልዱና ለመድረክ ወሬው ይተቻል፤ ባሱን ሲይዝ ግን ቦታውን የሚወስድበት ሰው የለም። ብሩስ የመካከሉን ድምፅ ያለ ብዙ ትርኢት ይሸፍናል። ዴቪድ በጊታሩ የጥንቱን የሰርፍ ድምፅ፣ ያንን እርጥብና ተንቀጥቃጭ ቅላጼ፣ መልሶ አመጣው።

ብራያን ከነጩ ፒያኖ ኋላ ተቀምጦ ነበር፤ ብዙውን ጊዜ ዓይኑ ፊቱ ባለው የግጥም ማሳያ ላይ ነው። አንዳንዱን ስንኝ ከመዝፈን ይልቅ ወደ መናገር ያደላ ነበር። ከላይ የነበረው ቀጭን ድምፅ ከሄደ ቆይቷል። ከጎኔ የተቀመጡ እንግሊዛዊ አዛውንት፣ ወጣት ሳሉ ጀምሮ የተከተሏቸው ሰው፣ በዚህ ላይ ጠንካራ አቋም ነበራቸው። የብራያንን ከፍተኛ ድምፅ ጄፍሪ ፎስኬት መያዙ ታዳሚውን ማታለል ነው ባይ ናቸው። እኔ አልተስማማሁም፤ በእረፍት ሰዓትም ቡና ይዘን ተከራከርንበት። ፎስኬት ለዓመታት ከብራያን አጠገብ ቆሞ ያንን መስመር የተሸከመ ሰው ነው፤ በመዘምራን ልማድም አንድ ክፍል ከሳሳ ጎረቤቱ ይደርስለታል እንጂ ዝማሬው አይቀርም። ደግሞ ፎስኬት ከላይ ስለያዘለት ነው ብራያን ከታች በራሱ ዕድሜ ድምፅ መዝፈን የቻለው። አዛውንቱ መጨረሻ ላይ «ሲደበቅ ነው የማልወደው» አሉኝ፤ በዚህ እኔም ተስማማሁ። ፎስኬት በ2023 አረፈ። እሱ የሚገባውን ምስጋና አግኝቷል ብዬ አላምንም።

አጃቢዎቹን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም፤ ምክንያቱም ያ ጉዞ ያለ እነሱ የሚታሰብ አልነበረም። አብዛኞቹ ከብራያን የግል ባንድ የመጡ ናቸው፤ ጊታሪስቱ ስኮት ቶተንና ድራመሩ ጆን ካውሲል ደግሞ ከማይክ ወገን። ለዓመታት የተለያዩ ሁለት ቤቶች ሙዚቀኞቻቸውን አዋጥተው አንድ መድረክ ላይ አቆሙ። ፕሮቢን ግሪጎሪ ጊታር ይዞ ሳለ ትራምፔት ያነሳል፤ ዳሪያን ሳሃናጃ ከኪቦርድ ወደ ቫይብራፎን ይዞራል፤ ፖል ፎን ሜርተንስ ሳክስፎኑን አስቀምጦ ዋሽንት ይይዛል። ብራያን በ1966 ስቱዲዮ ውስጥ ብዙ ሙዚቀኞች ሰብስቦ የሠራውን ነገር ኖታ በኖታ መድረክ ላይ ማውጣት ምን ያህል ሥራ እንደሆነ የሚገባችሁ በዓይናችሁ ስታዩት ነው።

ከምሽቱ ሁሉ የማልረሳው ለሁለቱ ሟቾች የተሰጠውን ጊዜ ነው። መብራቱ ዝቅ ብሎ ከመድረኩ ኋላ ባለው ሰፊ ስክሪን ላይ ዴኒስ ታየ፤ «ፎርኤቨር» የተባለውን ዘፈኑን በራሱ ድምፅ ይዘፍናል፤ በሕይወት ያሉት ደግሞ መድረኩ ላይ ሆነው በኅብረ ዝማሬ ይቀበሉታል። ከዚያ ካርል በ«ጎድ ኦንሊ ኖውስ» ተከተለ። እዚህ ላይ የሙያውን ነገር ልንገራችሁ። በሕይወት ያለ ዘፋኝ አጃቢውን ያያል፣ አጃቢውም ያየዋል፤ አንዱ ትንሽ ቢዘገይ ሌላው ይጠብቀዋል። የተቀረጸ ድምፅ ግን ማንንም አይጠብቅም። ካውሲልም ሆነ ሌሎቹ በዚያ ድምፅ እስትንፋስ ልክ መሄድ ነበረባቸው፤ ሄዱም። ብራያን ፊቱን ወደ ስክሪኑ ዞር አድርጎ የወንድሙን መስመር ከታች ሲሞላ አየሁት። በመጨረሻው የዘፈኑ ክፍል ድምፆቹ እየተቀባበሉ ሲዞሩ ካርል በስክሪን፣ ብሩስና ብራያን በመድረክ፣ ሞት የለያቸው ሰዎች በአንድ ዜማ ላይ ተገናኙ። አዛውንቱ መነጽራቸውን አውልቀው ያዙ። እኔም አለቀስኩ።

ድክመት አልነበረም ማለቴ አይደለም። የመኪና ዘፈኖቹ ተከታትለው ሲመጡ ሩጫ ይመስላሉ፤ ታዳሚው በጭብጨባ ስለሚያግዝ እንጂ በድምፅ ረገድ የሚሰጡት ጥቂት ነው። ብራያን ያልተሳተፈበትን የ1988ቱን «ኮኮሞ»ንም አልወደውም፤ ብዙ ሰው ተነሥቶ እየጨፈረ ነበርና የእኔ ጣዕም ነው ብዬ ልለፈው። በዚያ ቦታ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ሥራዎቻቸው፣ ካርል ባንዱን ይመራ ከነበረበት ዘመን፣ ተጨማሪ ሁለት ወይም ሦስት ዘፈኖች ቢኖሩ እመርጥ ነበር።

አሁን ወደ ሲዲው ልመለስ። ሁለተኛው ሲዲ ላይ የማይክና የአል ጸጥ ያለ ዝማሬ፣ ብራያን በልጅነት መኝታ ክፍሉ ስላለው ብቸኝነት የጻፈው ዘፈን፣ የዴኒስና የካርል መታሰቢያዎች፣ ከዚያም «ጉድ ቫይብሬሽንስ» አሉ። እነዚህ ብቻ የአልበሙን ዋጋ ያወጣሉ። ችግሬ ከድምፁ አያያዝ ጋር ነው። ጆሮዬ እንደሚነግረኝ ድምፆቹ ከቀረጻ በኋላ በኮምፒውተር ከሚገባው በላይ ተስተካክለዋል። ብራያን በአዳራሹ ውስጥ ወደ ኖታው ሲቃረብ ትንሽ ከታች ጀምሮ ይወጣበት ነበር፤ በሲዲው ላይ ከመጀመሪያው ፊደል ኖታው ላይ ተቀምጦ ይገኛል። የአያቶችን ፎቶግራፍ አንሥቶ የፊታቸውን መጨማደድ በሙሉ ማጥፋት ማለት ነው። ዌምብሌይ የነበረ ሰው የወደደው ያንኑ መጨማደድ ነበር፤ 70 ዓመት የኖረ ጉሮሮ በ20 ዓመቱ የጻፈውን ዜማ ሲሸከም መስማት። የመጀመሪያው ሲዲ ላይ ፈጣኖቹ ዘፈኖች ስለሚበዙ ይህ መስተካከል ይበልጥ ይሰማል። በአልበሙ ላይ ጉልበቱን ጠብቆ የወጣው አሁንም አል ነው፤ ብዙ መስተካከል የሚያሻው ድምፅ ስላልነበረ ይመስለኛል።

ጉዞው ለምን እዚያ ላይ ቆመ በሚለው አፍቃሪዎቹ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። የመጨረሻዎቹ ቀናት ሲቃረቡ ማይክ ከራሱ ተጓዥ ባንድ ጋር እንደሚቀጥል ተገለጸ፤ ብራያን፣ አልና ዴቪድ አብረው መቀጠል ይፈልጉ ነበር። ማይክ ጉዞው ከመነሻው የማብቂያ ቀን የተቆረጠለት ነበር ይላል፤ ይህም እውነት ነው። በባንዱ ስም እየዞሩ የመጫወትን ፈቃድ በሕግ የያዘው እሱ መሆኑም እውነት ነው። እኔ ግን ውል ስላለቀ ብቻ ያንን ድምፅ መበተን ልክ ነበር ብዬ አልቀበልም። ስም በሕግ ለአንድ ሰው ሊሰጥ ይችላል፤ ባሱን አንዱ፣ መካከሉን ሌላው፣ ከላይ ያለውን ሦስተኛው የያዘበትን ዝማሬ ግን የትኛውም ውል ለአንድ ሰው ሊሰጠው አይችልም። ሌላ አንድ ዓመት ጉልበት ነበራቸው፤ በዓይኔ አይቻለሁ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ብራያን በጁን 2025 በ82 ዓመቱ ካረፈ በኋላ ይህ ቁጭት ጨመረብኝ።

ስለዚህ ምክሬ ይኸውና። የ2013ቱን አልበም ስትገዙ ሁለተኛውን ሲዲ አስቀድሙ፤ በጥሩ ማዳመጫ፣ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ስሙት። ሙዚቀኞቹ መሣሪያ ሲቀያይሩ ማየት የሚፈልግ ሰው የጉዞውን የቪዲዮ ቅጂ ቢያገኝ ይሻለዋል። መዘምራን የሆናችሁ፣ የድምፅ ክፍል ለይታችሁ መስማት የምትወዱ ግን ከሁሉም በፊት በ1997 የወጣውን፣ «ፔት ሳውንድስ» የተባለው የ1966 አልበማቸውን የስቱዲዮ ቅጂዎች ስብስብ ፈልጉ። እዚያ ውስጥ መሣሪያው ተነሥቶ ድምፃቸው ብቻ የቀረባቸው ቅጂዎች አሉ፤ ሦስቱም ወንድማማቾች በሕይወት እያሉ፣ በ1966 የዘፈኑት። የትኛው ድምፅ የማን እንደሆነ ለመለየት ደጋግማችሁ መስማት ያስፈልጋችኋል።