በመስኮትና በጡብ የሚፈተን ኮሚሽን

የኒውዮርክ ከተማ የታሪካዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ኮሚሽን ስሙ በጋዜጣ የሚነሣው አንድ የታወቀ ሕንፃ ሊፈርስ ነው ሲባል ነው። በታሪካዊ ሰፈር ውስጥ ቤት ያላቸው ሰዎች ግን ኮሚሽኑን የሚያውቁት መስኮት ለመቀየር፣ የተሰነጠቀ የደጅ ደረጃ ለመጠገን ወይም ከሱቃቸው በላይ ማስታወቂያ ለመስቀል ፈቃድ ሲጠይቁ ነው። እንደ አገልግሎት ከተመዘነ መመዘን ያለበት በዚህ በኩል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ብርታቱም ሆነ ድክመቱ ከታላላቆቹ ውሳኔዎች ይልቅ በእነዚህ ተራ በሚመስሉ ፈቃዶች ላይ ጎልቶ ይታያልና።

አመጣጡ “ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ” የሚባለው ዓይነት ነው። በ1910 የተከፈተው የኒውዮርኩ የፔንስልቬንያ ባቡር ጣቢያ ከነግዙፍ አዳራሹ በ1963 መፍረስ ሲጀምር፣ ከተማው ለማስቆም የሚያስችል ሕግ በእጁ አልነበረም (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከንቲባ ሮበርት ዋግነር የጥበቃውን ሕግ የፈረሙት በ1965 ነው። ሐሳቡ ራሱ አዲስ አልነበረም፤ የደቡብ ካሮላይናዋ ቻርልስተን በ1931 አንድ ሙሉ ሰፈር በሕግ ከልላ የግንባታ ለውጥ የሚመረምር ቦርድ አቋቁማ ነበር። ሕጉ ለኒውዮርክ ኮሚሽን 11 አባላትን መድቧል፤ ከእነዚህም ቢያንስ ሦስት የሥነ ሕንፃ ባለሙያዎች፣ አንድ የታሪክ ሰው፣ አንድ የከተማ ፕላን ወይም የመልክዓ ምድር ንድፍ ባለሙያ፣ አንድ የቤትና መሬት ግብይት ባለሙያ እንዲኖሩ፣ ከአምስቱም የከተማው ክፍሎች ነዋሪ እንዲወከል ያዛል። ከሊቀ መንበሩ በቀር አባላቱ ደመወዝ አይከፈላቸውም። የታሪክ ሰውና የንብረት ገበያ ሰው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጣቸው ውሳኔውን ሚዛናዊ ለማድረግ ይረዳል። ይሁን እንጂ ጡብ በእጁ ለሚገነባ ወይም እንጨት ለሚጠርብ ሰው ወንበር አለመታሰቡ ያስቆጫል፤ ከክርክሩ አብዛኛው የሚዞረው በእነሱ ሥራ ላይ ነውና።

አንድ ሕንፃ ለምዝገባ የሚታጨው ቢያንስ 30 ዓመት ሲሞላው ነው። ኮሚሽኑ ያጠናል፣ ሕዝቡ ሐሳቡን የሚሰጥበት ስብሰባ ይጠራል፣ ከዚያም ድምፅ ይሰጣል፤ የከተማው ምክር ቤት ደግሞ ውሳኔውን ሊያጸናው፣ ሊያሻሽለው ወይም ሊሽረው ይችላል። ዛሬ በዚህ ጥበቃ ሥር ያሉት ከ37,000 በላይ ሕንፃዎችና ቦታዎች ናቸው፤ አብዛኞቹም ለብቻቸው ዝነኛ የሆኑ ሳይሆኑ በታሪካዊ ሰፈር ክልል ውስጥ የተካተቱ ተራ መኖሪያ ቤቶች ናቸው። ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ፦ በ1966 በወጣው የፌዴራል ሕግ የተቋቋመው የአገር አቀፉ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ለቤት ክብርና አንዳንድ የግብር ጥቅም ያስገኛል እንጂ በራሱ ገንዘብ ቤቱን የሚያድስን ባለቤት እጅ አያስርም። እጅ የሚያስረው የአካባቢው ኮሚሽን ነው።

ፈቃዱ በሦስት ይከፈላል። የውስጥ ሥራ ሆኖ የሕንፃውን የተጠበቀ ገጽታ የማይነካው በአንድ ዓይነት ማረጋገጫ ያልፋል፤ ቀላል የውጭ ጥገና የአነስተኛ ሥራ ፈቃድ ያገኛል፤ መልክን የሚለውጠው ግን በአባላቱ ፊት ቀርቦ ለሕንፃው ተስማሚ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ከማመልከቻዎቹ እጅግ የሚበዙት ስብሰባ ሳይደርሱ በኮሚሽኑ ሠራተኞች ጠረጴዛ ላይ ያልቃሉ። የተሰበረ መስታወት ለመተካት ወይም በነበረው ቀለም መልሶ ለመቀባት ጭራሹኑ ፈቃድ አያስፈልግም። ስለዚህ “ምስማር ለመምታት ሳይቀር ደጅ ያስጠናሉ” የሚለው የተለመደ ወሬ ከእውነቱ ይርቃል።

ለኮሚሽኑ ያለኝን አክብሮት የጨመረው የቴክኒክ ሥራው ነው። የጡብ ግድግዳን እንውሰድ። በአሮጌ ቤቶች ጡቦቹን ያያያዘው በኖራ የተሠራ ለስላሳ ማያያዣ ነው፤ ግድግዳው የጠጣው እርጥበት በዚህ ማያያዣ በኩል ይወጣል፣ ሲያረጅም ተፍቆ በአዲስ ይተካል። ግንበኛው በዚያ ፈንታ ጠንካራ ሲሚንቶ ከሞላበት እርጥበቱ መውጫ ያጣና በጡቡ ውስጥ ይቀራል፤ በብርዱ ወራት ወደ በረዶ ሲለወጥ ይስፋፋል፣ የጡቡም ፊት እንደ ቅርፊት እየተላጠ ይወድቃል። ማያያዣው ቢያረጅ መቀየር ይቻላል፤ ፊቱ የረገፈ ጡብ ግን አይመለስም። የኮሚሽኑ ሠራተኞች የድብልቁን ዓይነት የሚጠይቁት፣ በግድግዳው ጥግ ላይ ትንሽ ናሙና ተሠርቶ ከደረቀ በኋላ ቀለሙ እንዲታይ የሚፈልጉት፣ አሮጌው ማያያዣ ሲወጣም የጡቡ ጠርዝ በመቁረጫ ማሽን እንዳይበላ የሚጠነቀቁት ለዚህ ነው። ባለቤቱ ይህን እንደ እንግልት ቢቆጥረው አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ይህ ምክር ከሌላ ቦታ ቢገዛ ዋጋው ቀላል አይሆንም ነበር።

በመስኮት ላይ ግን ክርክሩ እንዲህ አንድ ወገን አይደለም። የድሮው የእንጨት መስኮት መስታወቱን የሚከፋፍሉ ቀጫጭን ዘንጎች አሉት፤ ዘንጎቹ ወደ ውጭ ወጣ ስለሚሉ ፀሐይ ሲያርፍባቸው ጥላ ይጥላሉ፣ የሕንፃውም ፊት ጥልቀት የሚያገኘው ከዚያ ነው። ገበያ ላይ በርካሽ የሚገኘው የፕላስቲክ መስኮት ፍሬሙ ወፍራም፣ መስታወቱ ጠባብ ሆኖ፣ ዘንጎቹ በሁለት መስታወቶች መካከል የተጣበቁ ዝርግ መስመሮች ናቸው። ከመንገድ ማዶ ሆኖ ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ልዩነቱን ለመረዳት ባለሙያ መሆን አያሻውም። አሮጌው እንጨትም ክፍሉ እየተነቀለ ሊጠገን ይችላል፤ ከውስጥ በኩል ሁለተኛ መስታወት ቢገጠምለት ቅዝቃዜውን በደንብ ይከላከላል። ችግሩ ኪስ ላይ ነው። ከነበረው ጋር እንዲመሳሰል ተለክቶ የሚሠራ የእንጨት መስኮት ከፕላስቲኩ በብዙ እጥፍ ሊወደድ ይችላል፤ በጡረታ ገንዘብ ለምትኖር ባልቴትና ሙሉ ሕንፃ ለሚያድስ ባለሀብት ደግሞ የሚጠየቀው መሥፈርት አንድ ነው። የድጎማ መርሐ ግብር ቢኖርም ከተጠበቁት ሕንፃዎች ብዛት አንጻር እጅግ ትንሽ ነው። በእኔ ግምት የአገልግሎቱ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው፤ ከተማው ሁሉ የሚደሰትበትን ውበት ወጪውን የሚሸከመው በአብዛኛው አንድ ባለቤት ነው።

ለዚህ ሸክም ማካካሻ ያገኙት ትልልቆቹ ናቸው። በ1967 የተመዘገበው የግራንድ ሴንትራል ባቡር ጣቢያ ባለቤት የነበረው የባቡር ኩባንያ ከጣቢያው በላይ ከ50 ፎቅ የሚበልጥ ሕንፃ ለማቆም ጠይቆ ሲከለከል ከተማውን ከሰሰ። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ባለቤት የነበሩት ዣክሊን ኬኔዲ ኦናሲስ ጭምር ለጣቢያው የቆሙበት ሙግት በ1978 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ከተማው በ6 ለ3 ድምፅ ረታ። ፍርድ ቤቱ ከግምት ካስገባቸው ነገሮች አንዱ፣ ኩባንያው በጣቢያው ላይ ያልተጠቀመበትን የመገንባት መብት በአቅራቢያው ወዳሉ ቦታዎች ማዛወር መቻሉ ነበር። ብልህ ዘዴ ነው። ባለ አራት ፎቅ ቤት ያላት ባልቴት ግን እንዲህ ያለ መብት ይዛ ገዢ ፍለጋ የምትወጣበት ገበያ እምብዛም የላትም።

ስብሰባዎቹ ለሕዝብ ክፍት ናቸው፤ በኢንተርኔትም ይተላለፋሉ። ሙግት የሚወድ ሰው አንዱን ቢከታተል አይሰለችም። አመልካቹ ሥዕሉን ያሳያል፣ የሰፈሩ ሰው በተመደበለት አጭር ጊዜ ይናገራል፣ ከዚያ አባላቱ ስለ አንድ የጣሪያ ላይ ጭማሪ ቁመትና ከየትኛው ጥግ እንደሚታይ ይከራከራሉ። ብዙውን ጊዜ ነገሩ ተቃውሞ ከገጠመው “አስተካክለህ ተመለስ” ይባላል እንጂ በሩ አይዘጋም። በበጎነቱ የማየው ነው፤ ሆኖም አስተካክሎ መመለስ ማለት ለሥነ ሕንፃ ባለሙያው እንደገና መክፈል መሆኑን የሚያነሣ አባል ሲናገር ሰምቼ አላውቅም።

ከኮሚሽኑ የማይጠበቅን ነገር መጠበቅም ተገቢ አይደለም። ሥልጣኑ በገጽታ ላይ ነው፤ ሕንፃው ምን አገልግሎት እንደሚሰጥና ማን እንደሚኖርበት አይወስንም። በ2015 የግብረ ሰዶማውያን መብት ትግል ታሪክ የተፈጸመበትን የስቶንዎል መጠጥ ቤት በመመዝገብ፣ ከሕንፃ ውበት ይልቅ ለታሪክ ብቻ ሲል ሊጠብቅ እንደሚችል አሳይቷል። ያም ሆኖ በተጠበቀ ቤት ውስጥ ያለ የመጻሕፍት መደብር በኪራይ ምክንያት ወጥቶ ባንክ ቢገባበት ኮሚሽኑ የሚጠይቀው የማስታወቂያውን መጠን ነው።

በታሪካዊ ሰፈር ቤት ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከመፈረሙ በፊት ሁለት ነገር ያጣራ። አንደኛ፣ ቤቱ በጥበቃ ክልል ውስጥ መሆኑን ኮሚሽኑ ለሕዝብ ከከፈተው ካርታ ላይ ይይ። ሁለተኛ፣ የቀድሞው ባለቤት ያለ ፈቃድ የሠራው ነገር እንዳለ ይጠይቅ፤ ጥፋቱ ከቤቱ ጋር ለገዢው ይተላለፋል፣ እስኪስተካከልም ድረስ ሌላ ፈቃድ ማግኘት ያስቸግራል። ኮሚሽኑ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይልካል፤ በደብዳቤው በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ማመልከቻ ያቀረበ ሰውም ያለ ቅጣት ሊያስተካክል ይችላል። ደብዳቤው በደረሰ ጊዜ ጠበቃ ከመፈለግ በፊት ጉዳዩን ለያዘው ሠራተኛ መደወሉ ያዋጣል።